በሌላ ሰው እጅ ልክ

የበደለኝ ሰው ሲሳይ ይባላል። የበደለኝ የዛሬ ሦስት ዓመት በኅዳር ወር፣ ደባርቅ ውስጥ አብረን እንሠራበት በነበረ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የአባቱን ስም አልጽፍም፤ አባቱ ደግ ሰው ነበሩ። የእሱን ስም ግን የምደብቅበት ምክንያት አላገኘሁም።

ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ትንሽ ነው። ስለ አንዲት ላፕቶፕና ስክሪኗ ላይ ስለምትሮጥ ቀስት ነው። እኔን ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ስሜን አሳጥቶኛል። ስለዚህ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

እኔ ታይፒስት ነበርሁ። ሥራ የጀመርሁት በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ያስተማሩን ሴት ጥብቅ ነበሩ። እጃችንን በጨርቅ ሸፍነው ነበር የሚያስጽፉን፤ ወደ ጣቷ ያየች ማስመሪያ ትቀምሳለች። ዐይን ከረቂቁ፣ ጣት ከፊደሉ እንዳይለይ ይሉን ነበር። ስለዚህ እኔ ስጽፍ የማየው ከጎኔ ያለውን በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣም በዚሁ ቀጠልሁ። ስክሪኑን የማየው ጽፌ ስጨርስ ነው። እንዲህ ሆኖም አንድ ቀን ተሳስታለች ተብዬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ኮምፒዩተራችን ማውስ ነበረው። በእሱ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ኋላ መብራት እየጠፋ ሥራ ሲቆም፣ ባትሪ ያላት አንዲት ላፕቶፕ ለክፍላችን ተሰጠች። ለሦስት ሰው አንዲት። ተረክቦ የፈረመባት ሲሳይ ነው። እንደሚታወቀው ንብረት በፈረመው ሰው ስም ነው። ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ቢበላሽም እንደዚሁ።

ሲሳይን በአሥር ጣት መጻፍ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ሲቀጠር በሁለት ጣት ነበር ፊደል የሚለቅመው። ምሳዬን ቢሮ እየበላሁ ስድስት ወር አስተማርሁት። ይህን የምጽፈው ምስጋና ፈልጌ አይደለም። እሱ ስለማያነሳው ነው።

ላፕቶፕ ላይ ማውስ የለም። ከፊደላቱ በታች ልጆቹ ታችፓድ የሚሏት ለስላሳ ሰሌዳ አለች። ጣት ሲሄድባት ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት አብራ ትሄዳለች። ሲሳይ የሚወደው ፈጣኑን ነበር። ጣቱን ትንሽ ሲነቀንቅ ቀስቷ ከጥግ እስከ ጥግ ትወረወራለች። መጫንም አይወድም፤ ነካ ሲያደርጋት እንደ ተጫነች እንድትቆጥረው አድርጓታል። ሦስተኛዋ ባልደረባችን ደግሞ ቀስ ያለች ስለምትወድ፣ ማታ ከመውጣቷ በፊት ወደ ራሷ ልክ ትመልሳታለች። እሱ ጠዋት ቀድሞ ይገባና አንድ ገጽ ከፍቶ፣ መስመር ላይ ያለች ነጥብ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ይገፋል። አንድ ቀን ምን እያደረግህ ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ለእጄ እንድትመቸኝ ነው እትዬ አልጋነሽ» አለኝ።

እኔ ለእጄ እንድትመቸኝ ብዬ አልጠየቅሁም። ማሽን በሰው ልክ ይስተካከላል ብዬም አላስብም። የጽሕፈት መኪና እንዳለ ነው፤ የሚለምደው ሰውዬው ነው። እኔም ቀስቷ ስታመልጠኝ ዝም ብዬ አባርራት ነበር።

በዚያ ኅዳር ሦስተኛዋ ባልደረባችን ወልዳ ቤቷ ነበረች። ከደባርቅ በታች ካለ አንድ ቀበሌ የመሬት ባለይዞታዎች ዝርዝር መጣ። ሕዝብ እንዲያየው በሰሌዳ የሚለጠፍ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ስም ነበረው። መብራት የለም። ባትሪው እያለቀ ነው። ኃላፊው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ በፍላሽ ይዘው ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሊያሳትሙት ነው። የመጨረሻውን ስም ጽፌ ፍላሹን ሰጠኋቸው። መልሼ አላነበብሁትም። እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላሸክመውም።

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ እናኑ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ ቄስ ነበሩ፤ ከሞቱ ጀምሮ ከባሏ ወንድም ጋር በአንድ ማሳ ላይ ሙግት ላይ ናት። በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ማሳዋ በሰውየው ስም ሆኖ ወጥቷል። ሰውየውም ዝርዝሩን አስነብቦ፣ ያንኑ ዕለት ሰው ሰብስቦ ደርሶ የቆመውን ገብሷን አጨደው።

የጻፈችው ማን ናት ብላ ጠይቃ እኔ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«እኅቴ» አለችኝ፣ «በምን ገዙሽ?»

 ረቂቁን አውጥቼ አየሁት። ረቂቁ ላይ ማሳው የሷ ነው። የኔ ጽሑፍ ላይ ግን የሦስት ሰዎች ስም ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ሰው መስመር ውስጥ ገብቷል። እንዴት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። በጣቴ የጻፍሁትን አውቃለሁ፤ እንዲያ አልጻፍሁም። ወረቀቱ ግን እንዲያ ይላል።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው የማሽኑ ችግር ይሆን እንዴ ብለው ሲሳይን ጠየቁት። ማሽኑ በስሙ ስለሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ወደኔ አላየም።

«ማሽኑ ምንም የለበትም» አለ። «የሳቸው እጅ ነው። ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል።»

ሰው ሁሉ እጄን አየ። ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከድንጋጤ ይሁን ከንዴት አላውቅም፤ እውነትም ተንቀጠቀጠ። ወደ ጭኔ ሳወርደው ሁሉም አይተው ጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የተናገርሁት ነገር ቢኖርም የሰማው የለም።

ዝርዝሩ እስኪታረም ሁለት ወር ፈጀ። ለኔ ደብዳቤ የደረሰኝ ግን በአሥራ አምስት ቀን ነው። በዕድሜና በእጅ ድካም ምክንያት ለጽሕፈት ሥራ ብቁ ስላልሆኑ ይላል። ዳባት ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛውሬ የሰነድ መጋዘን ጠባቂ ሆንሁ። ያንን ደብዳቤ የጻፈው ሲሳይ ነው። በአሥር ጣት ነው የጻፈው፤ አንድም ስሕተት የለበትም።

ዳባት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ልጆች አሉኝ፤ ርቀው ነው የሚኖሩት፤ ስለ እነሱ እዚህ አልጽፍም። መጋዘኑ ውስጥ መደርደሪያና አቧራ ነው ያለው። ፋይል የሚጠይቀኝ ሰው ሳይመጣ ሦስት ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። ከነጋዴዎቹ ጋር ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ ዕቃዬን ይዤ እገባለሁ። ከቤት ስወጣ እጄን ከነጠላዬ በታች አደርጋለሁ። ሰው ቤት ሻይ ቢሰጡኝ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ነው የምይዘው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ጣቴን አጣጥፌ እንድዘረጋ አደረጉኝ፣ አፍንጫዬን በጣቴ አስነኩኝ፣ ምንም የለብሽም አሉኝ። አላመንኋቸውም። ሰው ሁሉ ፊት የተባለ ነገር በሐኪም ቃል አይለቅም።

እንዲህ ሆኜ ዓመት ከመንፈቅ ኖርሁ።

ከኔ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሰባ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ያስተማሯቸው መምህር የዘረፉት ቅኔ በሳቸው ቃል ብቻ ነው የቀረው። እኔ ከሞትሁ አብሮኝ ይቀበራል ብለው እየሰጉ፣ መጀመሪያ በእጃቸው በደብተር ጻፉት። ቀጥሎ ጎንደር ያለው ልጃቸው በሰጣቸው ላፕቶፕ ደብተሩን መገልበጥ ጀመሩ። በአንድ ጣት። ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኝ ነበር፤ አንድ ፊደል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ሌላ ፊደል።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ የጽሕፈት ሰው ነሽ አሉኝ።»

«ነበርሁ፣ የኔታ። አሁን እጄ ደክሟል።»

«ማን አለሽ?»

«መሥሪያ ቤቱ ነው ያለው።»

«መሥሪያ ቤቱ ሐኪም ነው እንዴ?» አሉ። እንዳልሥቅ ብዬ ወደ መሬት አየሁ። «ነይ ግድ የለሽም። የኔም ደክሟል። ሁለት ደካማ አንድ ብርቱ ይወጣዋል።»

ሽማግሌ ለምኖኝ እምቢ ማለት አልቻልሁም። ሄድሁ። ቤታቸው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ መቋሚያና መጻሕፍት ነበረው። ደብተሩን በግራዬ አስቀመጡልኝ። እጄን ታችፓዷ ላይ ሳሳርፍ ቀስቷ እንደ ደባርቋ ልትወረወር ነው ብዬ ጣቴን ጨበጥሁ። ቀስቷ ግን አልተወረወረችም። አቀበት እንደያዘች የተጫነች በቅሎ ቀስ እያለች ሄደች። ወደምፈልግበት ለማድረስ ሦስት ጊዜ ማስኬድ ነበረብኝ።

«ዘገየችብሽ?» አሉኝ። «እኔ እንዲያ ነው የምወዳት። ፈጣን የነበረች ጊዜ ሰይጣን የያዛት ነበር የምትመስለው።»

መጻፍ ጀመርሁ። ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙን አላውቀውም። ለታይፒስት ግን የሚያስፈልገው ፊደሉ ነው። ዐይኔን ከደብተሩ ላይ ሳላነሣ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። የኔታ የጣቴን ድምፅ እየሰሙ ተቀምጠዋል። ስጨርስ ስክሪኑን ማየት ፈራሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ደብተሩንና ስክሪኑን እያስተያዩ ቃል በቃል አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«አንድ ፊደል አልሳትሽም» አሉኝ።

ከቦታው የሄደ ስም እንዳለ፣ ወደ ሌላ መስመር የዘለለ ቃል እንዳለ ጠየቅኋቸው። ለምን ይዘላል አሉኝ። የደባርቁን ነገርኋቸው። ታሪኩን በሙሉ ለሰው ስናገር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እጅሽን አሳዪኝ አላሉም። ላፕቶፗን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ገጽ ከፈቱ። ገጹን አወቅሁት። መስመር አለ፤ መስመሩ ላይ ነጥብ አለች። የሳቸው ነጥብ በስተግራ መጨረሻ ላይ ናት። ከሥሩ ደግሞ ነካ ሲያደርጓት እንደ መጫን እንዳትቆጥረው የሚያደርግ ምልክት አለ።

የኔታም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ነበር። ሲጽፉ የእጃቸው አንጓ ታችፓዷን ሲነካት፣ ማሽኗ እንደ ተጫነች ትቆጥረውና ቀስቷ የቆመችበት ቦታ ላይ መጻፍ ትጀምራለች። የገብርኤልን ቅኔ ጀምረው የሚካኤል ውስጥ ገብቶ ያገኙታል። ልጃቸው ከጎንደር በስልክ እየነገራቸው፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸው ራሳቸው አስተካከሉት።

«መቋሚያ በየሰው ቁመት ነው የሚቆረጠው» አሉኝ። «ማሕሌት በሰው መቋሚያ የቆመ ወገቡን ያመዋል። ወገቡ ግን በሽታ የለበትም።»

ደስ ይላታል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። ደስ አላለኝም። ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁና እጄን አየሁት። ዓመት ከመንፈቅ ደብቄዋለሁ። ያ ሁሉ ለምን ነበር? ጠዋት ጠዋት ያችን ነጥብ ወደ ቀኝ ሲገፋ ያየሁትን ሰው አሰብሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ ማሽኗ በማን እጅ ልክ እንደተስተካከለች የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ጠይቀውት ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ሄድሁ። ወይዘሮ እናኑን ከእህል ተራ አገኘኋት። አይታኝ ፊቷን አዞረች። አጠገቧ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ገብስ እየሰፈረች አንድም ጊዜ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ይሆናል» አለችኝ በመጨረሻ። «ማን ይመሰክርልሻል?»

ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልነበረም። ሰኞ ከመጋዘኑ ፈቃድ ጠይቄ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። ሲሳይ የቡድን መሪ ሆኗል። ኮሪደር ላይ አገኘሁት፤ እትዬ ብሎ ሊስመኝ መጣ። ቆም በል አልሁት። ስለ ነጥቧ፣ ስለ ፍጥነቷ፣ ስለ መንካቱ ነገርሁት። ሊክድ ይችል ነበር፤ አልካደም። ይህን ለእውነት ስል እጽፋለሁ።

«ማሽኗ በስሜ ነበረች እትዬ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያስተካከልኋት እኔ ነኝ ብል የምጠየቀው እኔ ነበርሁ። እርስዎ ጡረታዎ ደርሷል፤ ምንም አይሆኑም ብዬ ነው።»

«ምንም አልሆንሁም?» አልሁት።

 ይህንኑ የነገርኸኝን በወረቀት ጻፍልኝና ፈርምበት አልሁት። አንዱ ቅጂ ከማኅደሬ እንዲገባ፣ አንዱን ለወይዘሮ እናኑ እንዳሳያት። ልጆች አሉኝ፣ ኃላፊነት ላይ ነኝ አለ። ጎንበስ ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ትቼው ወጣሁ። ኮሪደር ላይ እግር መሳም አንድም ፊደል አያርምም።

ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ላከብኝ። ከደባርቅ ድረስ በሚኒባስ መጡ። የኔ ክፍል ስለማይበቃ የኔታ ቤት ተቀመጡ። ታላቃቸው የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ አውቃቸዋለሁ፤ አከብራቸዋለሁ። ልጁ ተጸጽቷል፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው አሉኝ። ይቅር እላለሁ አልኋቸው። ለኔ በጆሮዬ የነገረኝን በወረቀት ይጻፍልኝ፣ በዚያው ቀን ይቅር እለዋለሁ።

ታላቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልጋነሽ፣ ሰው በወረቀት አይታረቅም።»

«እኔ የተባረርሁት በወረቀት ነው» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተባለ። ስለ ሞት፣ ስለ ነፍስ፣ እሱም ልጅሽ ማለት ነው ስለሚል ነገር። አዳመጥሁ። ቃሌን አልለወጥሁም። ቀማምሰው ተነሡ፤ ሲወጡ እንደ ወጉ አልተሰናበቱኝም። የኔታ እስከ አስፋልቱ ሸኝተዋቸው ተመለሱና ደጃፌ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ መመለስ ከባድ ነው፣ ልጄ፣ አሉኝ። አውቃለሁ አልኋቸው።  ከዚያ ቀን ወዲህ ነይ ጻፊልኝ ብለው አልጠሩኝም። እኔም ሳልጠራ አልሄድሁም። ሰላምታ አልተቋረጠም፤ በደጅ ስንተላለፍ ጎንበስ ብለን እንሰላለማለን። ቀሪውን ደብተር በአንድ ጣታቸው ይጽፉታል። ይሰማኛል።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ማኅደሬ ውስጥ ያለው ደብዳቤ እንዳለ ነው። ወይዘሮ እናኑ ስታየኝ ፊቷን አታዞርም፤ ግን አታናግረኝም። ሰዎች ልቧ ደነደነ ይሉኛል፤ ይድረሳት ብለው ጮክ ብለው ነው የሚሉት። እውነት ሊሆን ይችላል። እጄን ግን ከነጠላዬ በታች አላደርገውም። ብርጭቆም በአንድ እጄ እይዛለሁ፤ አብሮኝ የሚጠጣ ሰው ባይኖርም።

ደባርቅ በነበርሁበት ሰፈር እድር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ሲሳይም የዚያው እድር አባል ነው። አባል ሲሞት ጎልማሶቹ ተራ እየገቡ አስከሬን ይሸከማሉ፤ እሱም ሲሸከም በዐይኔ አይቻለሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ከፊት ነው የሚገባው። የኔም ቀን ሲደርስ እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በሁለተኛው ሳምንት በጠዋቱ ሚኒባስ ደባርቅ ሄድሁ። የእድሩ ጸሐፊ ምን አስቀየመሽ ብለው ጠየቁኝ። ቦታ ስለለወጥሁ ነው አልኋቸው። መዝገቡን አውጥተው ስሜን ሰረዙት። ዳባት ተመልሼ እዚህ ካለ እድር ተመዘገብሁ። ከአባላቱ በስም የማውቀው ሁለት ሰው ነው።